ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትልቅ የአርቪ ራሊ ሲሄዱ

«ራሊ» ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣብን አቧራ እያስነሳ የሚሽቀዳደም መኪና ነው። በአሜሪካ በአርቪ ባለቤቶች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። መኝታ፣ ማእድ ቤትና መጸዳጃ ያላቸውን አርቪ የሚባሉ የመኖሪያ መኪኖች የሚነዱ ወይም የሚጎትቱ ሰዎች፣ በመቶዎች ሲበዛም ከሺህ በላይ ቤተሰብ ሆነው፣ ከነቤታቸው አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ለአራትና ለአምስት ቀን የሚሰፍሩበት ስብሰባ ነው። ቀን ቀን ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪና ስለ እሳት አደጋ ትምህርት ይሰጣል፤ በአዳራሹ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ይዘረጋሉ፤ አዳዲስ መኪኖች ለእይታ ይቆማሉ፤ ማታ ማታ ሙዚቃ አለ።

እኔና ባለቤቴ የመጀመሪያ ራሊያችንን ግማሹን ያሳለፍነው የራሳችንን መኪና ስናስታምም ነው። የወደቀ ብሬከር ስንመልስ፣ የታንክ መጠን ስንገምት፣ የጎደለ ዕቃ ፍለጋ ከተማ ስንመላለስ ሁለት ቀን አለፈ። ከዚያ ወዲህ በሄድንባቸው ሁሉ ያየሁት፣ ራሊው ጥሩ የሚሆነው ከመኪናው ውጭ መሆኑን፣ ከመኪናው ለመውጣት ግን መኪናው አስቀድሞ ራሱን መቻል እንዳለበት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከቤት ሳይወጡ ስለሚደረገው ዝግጅት ረዘም አድርጎ ይናገራል።

የትኛውን ልምረጥ ለሚሉ፣ ትልልቆቹን ስብሰባዎች የሚያዘጋጁት በአብዛኛው የባለቤቶች ማኅበራት ናቸው። ዛሬ የቤተሰብ አርቪ ማኅበር የሚባለውና ለረጅም ዘመን በኤፍኤምሲኤ ስሙ የታወቀው ድርጅት የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1963 ሲሆን፣ 26 ቤተሰቦች ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ሜይን ግዛት ሒንክሊ በተባለች ስፍራ መኪኖቻቸውን አሰልፈው በቆሙበት ዕለት ነው። ይህ ማኅበር እስከ 2017 ድረስ አባል የሚያደርገው ሞተር ያለውን መኪና የያዘ ሰው ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ተጎታች ላላቸውም በሩን ከፈቱ። በ1978 የተመሠረተውና መቀመጫው ሊቪንግስተን ቴክሳስ የሆነው የእስኬፒስ ክበብ ደግሞ እስካፔድ የሚባል ስብሰባ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ በአርቪ የሚኖሩ ሰዎችን ማግኘት የፈለገ ወደዚያ ይሄዳል። የብርማዎቹ የኤርስትሪም ተጎታቾች ባለቤቶች የራሳቸው ክበብ አላቸው፤ የተመሠረተው በ1955 ነው። የዚህ ክበብ ሰዎች፣ በኤርስትሪም መሥራች በዋሊ ባያም መሪነት፣ በ1959 ከኬፕታውን ተነሥተው ኢትዮጵያን አቋርጠው እስከ ካይሮ ተጎታቾቻቸውን እየጎተቱ ሄደዋልና፣ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ሲሉ ይህን ጉዞ የሚያነሣ አንድ አዛውንት ቢገጥምዎ አይገረሙ።

ለጀማሪ የምመክረው ከቤት በአንድ ቀን መንዳት የሚደረስበትን ነው። በአትላንታ አካባቢ ለምንኖር ለምሳሌ ፔሪ የሚገኘው የጆርጂያ ብሔራዊ የአውደ ርእይ ግቢ በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ 100 ማይል ያህል ነው፤ የኤፍኤምሲኤ ስብሰባም በማርች ወር እዚያ በተደጋጋሚ ተደርጓል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው ይህን ግቢና ይህን ወቅት የተከተሉ ናቸው።

ምዝገባ ላይ ቸኩለው የሚሞሉት ቅጽ በኋላ አራት ሌሊት ያስከፍልዎታል። ዋናው ጥያቄ የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው፤ 50 አምፔር፣ 30 አምፔር፣ ወይም ምንም። ርካሹ «ምንም» የሚለው ሲሆን በባትሪና በጄኔሬተር መኖር ማለት ነው፤ ልምድ ላለው ደግ ነው፣ ጀማሪ ግን ቢያንስ ለ30 አምፔር እንዲከፍል እመክራለሁ። ውሃና የፍሳሽ መስመር በየማቆሚያው ይኑር አይኑር መጠየቅ አለብዎ፤ በብዙ ሜዳዎች ኤሌክትሪክ እንጂ ፍሳሽ የለም። ከወዳጅ ጎን ለመቆም የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በር ላይ ተከታትሎ መድረስ። መኪኖች በመጡበት ቅደም ተከተል ስለሚደረደሩ፣ «ጓደኛዬ ጠዋት ገብቷል፣ ከሱ አጠገብ አድርጉኝ» ማለት አይሠራም። ለመራመድ የሚቸገር ሰው ካለ ለአዳራሹ የሚቀርብ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋጃል፤ ይህን አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ከመነሣትዎ በፊት ባሉት ሳምንታት

ከጎማ ይጀምሩ። የጭነት መኪና የምንነዳ ሰዎች ጎማን በጥርሱ መመዘን ለምደናል፤ የአርቪ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ይፈልጉ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ ወይም ዕድሜው ከስድስትና ሰባት ዓመት ካለፈ ባለሙያ ሳያየው ረጅም መንገድ አይውጡ፤ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ደግሞ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል ይወገድ። አንዳንድ ጊዜ አራቱ አኃዝ የሚገኙት ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ስለሆነ የእጅ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር መግባት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። መኪናውን እንደሚሄዱበት አድርገው ይጫኑት፤ ጤፉም፣ የውሃ ታንኩም፣ ልጆቹም ባሉበት ከአውራ ጎዳና ዳር ባለ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ሚዛን ላይ ያስመዝኑትና በሾፌሩ በር አካባቢ ከተለጠፈው የተፈቀደ ክብደት ጋር ያነጻጽሩት። አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን፣ 50 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ሲሞላ ከ400 ፓውንድ በላይ ይጨምራል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ታንኩን ሩብ ያህል ይዞ ሄዶ ሜዳው አጠገብ መሙላት ይሻላል። አንዳንድ ራሊዎች ላይ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ የሚመዝን አገልግሎት በክፍያ ይገኛል፤ የእስኬፒስ ክበብ በዚህ የታወቀ ነው። ዕድሉን ካገኙ አይለፍዎ፤ ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖ አንዱ ጎን ከአቅም በላይ የተጫነበት መኪና ብዙ ነው።

ስለ ታንኮቹ በግልጽ እናውራ። አርቪ ሦስት ታንክ አለው፤ የንጹሕ ውሃ፣ ከማጠቢያና ከሻወር የሚወርደው የእጣቢ፣ እና የመጸዳጃው። ወደ ራሊ ሲገቡ የመጀመሪያው ሙሉ፣ ሁለቱ ባዶ ይሁኑ። መጸዳጃው ባዶ ሲሆን ጥቂት ጋሎን ውሃና የመጸዳጃ ታንክ መድኃኒት ይጨምሩበት፤ የፍሳሽ መስመር ያለበት ቦታ ቢቆሙ እንኳ የመጸዳጃውን መክፈቻ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ድረስ ዘግተው ያቆዩት፤ ክፍት ሆኖ ከከረመ ውሃው ይሄድና ደረቁ ይቀራል፣ የቀረውን ማስለቀቅ ደግሞ ለጠላትም የሚመኙት ሥራ አይደለም። ፍሳሽ በሌለበት ሜዳ በክፍያ የሚመጥ መኪና በየረድፉ ይዞራል። እሱን ላለመጠበቅ ዋናው ዘዴ እጣቢን መቀነስ ነው፤ ሻወር ላይ ገላን አርጥቦ ውሃውን ዘግቶ፣ ሳሙና ተቀብቶ፣ ከዚያ ማለቅለቅ። ከሀገር ቤት በጆግ የታጠብን ሰዎች ይህን ለመማር ጊዜ አይፈጅብንም።

ባትሪዎቹ የአሲድ ከሆኑ በተለመደው መለኪያ ሲያርፉ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ማሳየት አለባቸው፤ ወደ 12.1 ሲወርዱ ግማሹ አልቋል ማለት ነውና ይሙሏቸው። የጢስ፣ የፕሮፔን ጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያዎችን ጫን ብለው ይሞክሩ፤ እነሱም የአገልግሎት ዘመናቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። በመጨረሻም ማናቸውንም የፋብሪካ ምልክት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የሞተሩን፣ የማቀዝቀዣውን፣ የጄኔሬተሩን፣ የውሃ ማሞቂያውን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር። ምክንያቱን ትምህርቱ ላይ ያገኙታል።

መድረሻ ቀን

ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረሱ። በሩ ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ይቀበሉዎታል፤ አብዛኞቹ እንደ እርስዎ አባላት የሆኑ፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ጡረተኞች ናቸው። የሚሉትን በትክክል ያድርጉ፤ የተሻለ ቦታ ያዩ ቢመስልዎም አይከራከሩ፤ የአንድ መኪና መዛነፍ ረድፉን በሙሉ ያዛንፋል። ከኋላዎ ትንሽ መኪና በአራቱም ጎማዋ እየጎተቱ ከመጡ ወደ ኋላ መሄድ እንደማይችሉ አይርሱ፤ ስለዚህ ወደ ረድፉ ከመግባትዎ በፊት ይፍቷት። ባለቤትዎ ወይም ወዳጅዎ ትንሿን ነድተው ይከተሉዎታል።

ከቆሙ በኋላ ክሪኩን ከማውረድዎ በፊት መሬቱን ይዩት። በማርች ዝናብ የራሰ የጆርጂያ ሜዳ የክሪክን እግር እንደ ጭቃ ቤት ምሰሶ ይውጠዋል፤ ወፍራም የእንጨት ቁራጮች ከሥር ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ከመኪናው ጎን ወደ ውጭ የሚወጡትን ተንሸራታች ክፍሎች ይክፈቱ፤ ጎረቤትንም የኤሌክትሪክ ሳጥኑንም እንደማይነኩ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይመልከት። ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት የሳጥኑን ብሬከር ያጥፉ፣ በመካከልም ቮልቴጅ የሚቆጣጠር መከላከያ ያስገቡ። የዚህ መከላከያ ዋጋ ሲያዩት ያሳዝናል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው የአየር ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ግን የሜዳው ቮልቴጅ ከ105 በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር ከመቃጠሉ በፊት የሚያጠፋልዎት እሱ ነው።

ምጣዱና 30 አምፔር

እኛ ያልገባን ነገር ይህ ነበር። ሠላሳ አምፔር በ120 ቮልት ማለት 3,600 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። አንድ የጣሪያ አየር ማቀዝቀዣ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲሁ ወደ 1,500፤ ማይክሮዌቭ ከ1,000 በላይ። ማቀዝቀዣው እየሠራ ባለቤቴ ምጣዱን አስጥዳ ሁለተኛውን እንጀራ ስትዘረጋ፣ እኔ ለልጁ ወተት ላሙቅ ብዬ ማይክሮዌቩን ነካሁ፤ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ በግማሽ ቀረ። ሃምሳ አምፔር በሁለት መስመር ስለሚገባ እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል፣ እዚያ ይህ ሐሳብ የለም። ሠላሳ ላይ ላሉ ግን ደንቡ አጭር ነው፤ ምጣዱ ሲጣድ ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ የውሃ ማሞቂያው ወደ ጋዝ ይዙር። ከዚያም የሚሻለው እንጀራውን ቤት ጋግሮ አጥፎ ይዞ መምጣት ነው፤ ማርች ዐቢይ ጾም ስለሚሆን ሽሮና ምስር ለማሞቅ አንዲት ምድጃ ትበቃለች።

ቡና ማፍላት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን አጥብቆ ይያዝ። ከሰል በምንም ዓይነት ምክንያት መኪናው ውስጥ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንደ አርቪ በጠበበ ክፍል ውስጥም ለመግደል ብዙ ጊዜ አይፈልግም። ውጭም ቢሆን ብዙ ሜዳዎች ክፍት እሳት ስለሚከለክሉ ደንቡን ይጠይቁ፤ በሸራው ጥላ ሥር ትንሽ የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃል። ቡናውን ውስጥ ከቆሉት የጢስ መጠቆሚያው መጮኹ አይቀርም፣ ዕጣንም ከማጨስዎ በፊት በአፍንጫው የሚቸገር ጎረቤት እንዳለ መጠየቅ ደግ ነው።

ጎረቤቶች

በመጀመሪያው ምሽት እንደ አገራችን ልማድ ሁለቱን ጎረቤቶች ቡና ጠራን፤ ባለቤቴም ያሉንን አራት ወንበሮች ደርድራ እኛ የምንቀመጥበት ጠፍቶ ስንጨነቅ፣ ከቀኝ በኩል ያሉት ሽማግሌ የራሳቸውን ወንበር ብብታቸው ሥር ይዘው፣ በሌላ እጃቸው የራሳቸውን ኩባያ አንጠልጥለው መጡ። እኔ አፈርኩ፤ እንግዳ ወንበር ይዞ መምጣቱ የእኛን ጉድለት የሚናገር መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደገባኝ በራሊ ይህ ወግ ነው፤ ማንም ወደ ማንም ሲሄድ ወንበሩንና መጠጫውን ይዞ ይሄዳል፣ ለማታ ሙዚቃም ቢሆን አንዳንዴ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቀላል ታጣፊ ወንበር ለእያንዳንዱ ሰው ይያዙ፣ ሲጠሩም ይዘው ይሂዱ። ሽማግሌው ሦስተኛውን ሲኒ ሲቀበሉ የጣሪያችን ቱቦ ሽፋን መሰንጠቁን ቁጭ ብለው አይተውት ኖሮ፣ በማግሥቱ መሰላላቸውን አመጡልኝ።

ሁሉም የየራሱን ምግብ የሚያመጣበት የጋራ ማእድ ከተጠራ፣ ወጡን በርበሬ ቀነስ አድርገው ይሥሩና ምን እንዳለበት በወረቀት ጽፈው አጠገቡ ያቁሙ፤ ለውዝ ወይም ስንዴ የማይስማማው ሰው ያነበዋል። የቀረው ወግ ቀላል ነው። በሰው መኪናና መቀመጫ መካከል አቋርጠው አይለፉ፣ ጄኔሬተርን ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ አያስነሡ፣ ውሻ በገመድ ይያዝ፣ የውጭ መብራትዎም የጎረቤትን መስኮት አያብራ። ሰው ለመተዋወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለት ሰዓት አገልግሎት መስጠት ነው። ቋንቋው የሚያሳፍራቸው ወገኖች «ምን እላለሁ» ይላሉ፤ ሰደርያ ለብሶ «ወደዚህ» እያለ እጁን ለሚያወዛውዝ ሰው ብዙ ቋንቋ አያስፈልገውም።

ትምህርቱና ገበያው

የመጀመሪያ ጊዜ ተሳታፊዎች የሚጠሩበት ገለጻ ካለ ይገኙ፤ ከዚያ መርሐ ግብሩን ይዘው ከባለቤትዎ ጋር ይከፋፈሉ፣ በአንድ ሰዓት የሚሰጡ ትምህርቶች ብዙ ናቸውና ሁለት ሰው አንድ ክፍል መቀመጥ ብክነት ነው። ከሁሉ በፊት የእሳት አደጋውንና የጎማውን ይምረጡ። ቀጥሎ መኪናዎ የቆመበትን ሻሲ ወይም ሞተር የሠራው ኩባንያ የሚሰጠውን። ስልክዎ ላይ ያነሡት የሞዴል ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ከትምህርቱ በኋላ ባለሙያውን «የእኔ ማቀዝቀዣ አንዳንዴ ይጠፋል» ቢሉት ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ቁጥሩን ቢያሳዩት ግን ብዙ ጊዜ በሽታውን ያውቀዋል። ሁለታችሁም መኪናውን መንዳት የምትችሉ ካልሆነ የአነዳድ ትምህርት መኖሩን ይጠይቁ፤ መሪውን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ቤት፣ ያ ሰው መንገድ ላይ ሲታመም ይቸገራል።

የዕቃ አዳራሹን መጀመሪያ ቀን ቦርሳ ሳይዙ ይዙሩት። «የራሊ ዋጋ» የሚለው ማስታወቂያ ሁልጊዜ ቅናሽ ማለት አይደለም፤ ስልክ አውጥቶ ማነጻጸር ነውር የለበትም። እኔ ስሙን ከማልጠራው ነጋዴ «ኩዊን» የተባለ ፍራሽ ገዝቼ ተሸክሜ ገባሁ፤ የተለመደው ኩዊን ርዝመቱ 80 ኢንች ሲሆን የብዙ አርቪ አልጋ ግን 75 ነው፤ አምስቷ ኢንች ተንሸራታቹን ክፍል እንዳይዘጋ አደረገችው። ነጋዴው ሻንጣውን ጭኖ ሄዶ ነበር፣ ጥፋቱ ግን ሜትር ያልያዝኩት የእኔም ነው። ለዚህ ምክር አንድ ብቻ ልዩ ሁኔታ አለ፤ መኪናዎ ያለበት ድረስ መጥተው የሚገጥሙና የሚጠግኑ ባለሙያዎች፣ የመስታወት ጠጋኙንም ጨምሮ፣ ቀጠሯቸው በመጀመሪያው ጠዋት ስለሚያልቅ እነሱን በሩ እንደተከፈተ ያግኟቸው። አዲስ መኪና ለመግዛት ግን በመጀመሪያ ራሊዎ አይፈርሙ። ገብተው ይቀመጡ፣ አልጋው ላይ ይጋደሙ፣ መጸዳጃው ላይ በሩን ዘግተው ይቀመጡ፣ ጉልበትዎ ግድግዳውን ይንካ አይንካ ይዩ፤ ከዚያ ውጡና ያንኑ ሞዴል የያዘ ባለቤት ፈልገው ምን እንደሚያስመርረው ይጠይቁት።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልጨምር። በደቡብ ግዛቶች ማርች የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ አርቪ ደግሞ ከቶርኔዶ መጠለያ አይሆንም። እንደደረሱ በእግር የሚቀርበውን ቋሚ ሕንፃ ይለዩ፣ ለልጆችም ያሳዩ፣ ሌሊት የስልክ ማስጠንቀቂያውን አያጥፉ።

ሲወጡ

በመጨረሻው ጠዋት የፍሳሽ ማስወገጃው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ወይ ከዋዜማው ያስመጥጡ፣ ወይ ቁርስ በልተው፣ ወንበር ላይ ሆነው፣ እስከ ቀትር ይቆዩ። ጓንት አይርሱ፤ የመጸዳጃውን አስቀድመው፣ እጣቢውን አስከትለው ይልቀቁ፣ የኋለኛው ቱቦውን ያጥብላችኋል። ከዚያ ጣሪያ ላይ የቆመ አንቴና፣ ያልታጠፈ ደረጃ፣ ያልተቆለፈ መሳቢያ መኖሩን እየተዟዟሩ ይዩ፤ ሁለታችሁ በየተራ ዙሩ፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ያየዋልና። መኪናውን አንድ ርዝመት ያህል ወደፊት ካስጠጉ በኋላ ደግሞ አቁመው ይውረዱና የቆመበትን ሣር ይመልከቱ። የእኛ ሁለቱ የክሪክ እንጨቶች አሁንም ፔሪ ናቸው።